የሩዝቬልት ጠመንጃና የተሸከሙት ሰዎች



በየአያቶቻችን ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስናድር ወይም ውጅግራ ካለ፣ ታሪኩን የሚያወራ ሽማግሌ አይጠፋም። ማን ገዛው፣ ማን ወረሰው፣ ምን ግዳይ ተጣለበት ይባላል። ማን ተሸከመው የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም። ዛሬ የምንተርክላችሁ ሰው ሙስሊም አይደለም፤ 26ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። ታሪኩን የመረጥንበት ምክንያት አንድ ጠመንጃው ነው። ያ ጠመንጃ በምሥራቅ አፍሪካ በሙስሊሞች ትከሻ ላይ ተጉዟል፤ ባለቤቱም ከአደኑ ሲመለስ ካይሮ ላይ እንደ እኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆኑ ወጣቶችን አስቆጥቷል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ጠመንጃው። የተሠራው ለንደን ውስጥ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ በተባለው ስመ ጥር የጠመንጃ ቤት ነው። ሁለት አፈሙዞች ጎን ለጎን የተገጠሙለት፣ ለዝሆን፣ ለአውራሪስና ለጎሽ የታሰበ ከባድ መሣሪያ ነው። አረሩ ብቻ 31 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህም የክላሽ አረር አራት እጥፍ ማለት ነው። ሁለት አፈሙዝ ያስፈለገው ለጌጥ አይደለም። ዝሆን ዞሮ ሲመጣ አዳኙ ቀለህ አስወጥቶ ሌላ ጥይት ለማጉረስ ጊዜ የለውም። አንዱን ቃታ ስቦ ካልሆነለት ወዲያው ሁለተኛውን ይስባል። ከሁለቱ በኋላ ግን ጠመንጃው ባዶ ነው፤ አጥፎ ከፍቶ በእጅ ማጉረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከአዳኙ ጀርባ አንድ እርምጃ ርቆ ሌላ የተሞላ ጠመንጃ የያዘ ሰው ይቆማል። አገራችን ጋሻ ጃግሬ ይሉት የነበረው ዓይነት ሰው ነው። ይህ ሰው ከሸሸ አዳኙ አለቀለት።

ጠመንጃው ለሩዝቬልት የተሰጠው በስጦታ ነው። 56 የእንግሊዝ የእንስሳት ሊቃውንት፣ አዳኞችና ባለሥልጣናት ገንዘብ አዋጥተው አሠሩለት፤ አስተባባሪው ኤድዋርድ ኖርዝ በክስተን ነበር። ከአዋጪዎቹ መካከል ዝነኛው አዳኝ ፍሬድሪክ ሴሉስ፣ የሕንድ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ከርዘንና የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሬጂናልድ ዊንጌት ይገኙበታል። የዊንጌትን ስም ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን። ስጦታው የተሰጠበት ምክንያትም ተጽፏል፤ ሩዝቬልት ብሔራዊ ፓርኮችንና ጥብቅ ደኖችን በማቋቋም የእንስሳት ዝርያዎች እንዳይጠፉ ላደረገው አገልግሎት ምስጋና ነው ይላል። እኛ ይህን ስናነብ ግራ ገብቶን ነበር። እንስሳትን ለጠበቀ ሰው የዝሆን መግደያ ይሸለማል? የሰውየው ሕይወት ሲታይ ግን ነገሩ ከመጀመሪያውም እንዲህ የተጣመረ ነበር።

ሩዝቬልት በ1858 ኒው ዮርክ ውስጥ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ አስም እንቅልፍ ይነሳው ነበር፤ ዓይኑም ደካማ ነበር። የዓይኑ ነገር የታወቀው አባቱ የመጀመሪያውን ጠመንጃ ሲሰጡት ነው። ጓደኞቹ አይተው የሚመቱትን እሱ ጭራሽ አላየውም። መነጽር ሲደረግለት ዓለም ሌላ ሆነችለት። በዚያው ዓመት ክረምት፣ በ1872 መጨረሻ፣ የ14 ዓመት ልጅ ሆኖ ከቤተሰቡ ጋር በጀልባ ዓባይን ሽቅብ ተጓዘ። በግብፅ መንደሮች ዳርቻ ወፎችን እየመታ ቆዳቸውን እያደረቀ ይሰበስብ ነበር። እነዚያ የዓባይ ወፎች ኋላ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ስሚዝሶንያን ገቡ። ገድሎ ማጥናት፣ አጥንቶ መውደድ፣ ወዶ ደግሞ መግደል፤ ይህ ጠባይ እስከ ዕድሜው ማብቂያ አልተለየውም።

የካቲት 14 ቀን 1884 እናቱና ሚስቱ በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ቀን ሞቱበት። ኀዘኑን ይዞ ወደ ዳኮታ ሜዳ ሄደና ከብት አርቢ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1883 ለጎሽ አደን እዚያው ሜዳ ሄዶ ነበር፤ በሚሊዮን ይቆጠር የነበረው የአሜሪካ ጎሽ ተፈጅቶ አንዱን ለማግኘት ቀናት ፈጀበት። አግኝቶም ገደለው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የአሜሪካን ትልልቅ እንስሳት ከመጥፋት ለማዳን የቆመ የአዳኞች ማኅበር መሠረተ።

በ1901 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ሲገደል፣ ምክትሉ የነበረው ሩዝቬልት በ42 ዓመቱ ሥልጣን ያዘ። በሰባት ዓመት ተኩል ውስጥ 5 ብሔራዊ ፓርኮች፣ 51 የወፍ መጠለያዎችና 150 የሚሆኑ ብሔራዊ ደኖች አቋቋመ። በጠቅላላው ጥብቅ ያደረገው መሬት 93 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው፤ ይህም ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት አምስት እጅ አራቱን ያልፋል። ይህን ማሳነስ አይገባንም። ዛሬ የአሜሪካ ተማሪ ወጥቶ የሚያየው ደንና ወፍ ብዙው በሱ ፊርማ የተረፈ ነው።

በዚሁ ዘመን፣ በ1902፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ድብ ሊያድን ወጥቶ ምንም ሳያገኝ ቀረ። አስጎብኚዎቹ አንድ የተጎዳ ድብ ከዛፍ ጋር አስረው ተኩስ አሉት። የታሰረ አልገድልም አለ፤ ስቃዩ እንዲያበቃ ግን በሌላ ሰው እጅ እንዲገደል አዘዘ። ጋዜጣ ሥዕሉን አወጣው፣ ነጋዴዎች የጨርቅ ድብ ሠርተው በስሙ ቴዲ ብለው ሸጡት፤ ልጆች ዛሬም አቅፈውት ይተኛሉ። ድቡን አሳድዶ ያሰረው ሰው ሆልት ኮሊየር ይባላል። በባርነት የተወለደ፣ በዘመኑ ወደር ያልተገኘለት ጥቁር አዳኝ ነበር። የሱን ስም የሰማ ከእኛ መካከል ስንቱ ነው?

ከአገራችን ጋርም አንድ ክር አለው። በ1903 ሩዝቬልት ሮበርት ስኪነር የተባለ መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ ልኮ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የመጀመሪያው ነው። ዐፄ ምኒልክም የሜዳ አህያ ላኩለት። ፕሬዚዳንቱ ግን የአፍሪካን አውሬ በአጥር ውስጥ ማየት የሚበቃው ሰው አልነበረም።

መጋቢት 1909 ሥልጣኑን አስረክቦ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መርከብ ተሳፈረ። ያኔ 50 ዓመቱ ነበር፤ ግራ ዓይኑ በቤተ መንግሥት ውስጥ ቦክስ ሲጫወት ተመትቶ ጠፍቶበታል። ልጁ ከርሚት ደግሞ የ19 ዓመት የሃርቫርድ ተማሪ ሲሆን፣ ትምህርቱን አቋርጦ አብሮት ሄደ። ጉዞው የስሚዝሶንያን ሳይንሳዊ ጉዞ ተብሎ የተደራጀ ነው። ሦስት የተፈጥሮ ሊቃውንት አብረው ነበሩ፤ ወጪውን ከሸፈኑት አንዱ ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ ነው። ሩዝቬልትም የጉዞ ጽሑፎቹን ለአንድ አሳታሚ በ50,000 ዶላር አስቀድሞ ሸጧል። ሚያዝያ 21 ቀን ሞምባሳ ወረዱ፤ ከዚያም በዩጋንዳ ባቡር ተሳፍረው ወደ ደጋው ወጡ። ካፒቲ በምትባል ጣቢያ ላይ 200 ያህል ተሸካሚዎች ተሰልፈው ይጠብቋቸው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የአንድ ተሸካሚ ሸክም 27 ኪሎ ገደማ ነው። ድንኳኑ፣ ስንቁ፣ ወጥመዱ፣ ቆዳ ማድረቂያ የሚሆነው አራት ቶን ጨው አለ። ሩዝቬልት ማንበብ ስለማይተው 60 ያህል መጻሕፍትም በሣጥን ተይዘዋል። ላብና ዝናብ እንዳያበላሻቸው ሁሉም በአሳማ ቆዳ ተጠርዘዋል፤ ከጉዞው ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ ከባሕሩ ዳርቻ የመጡ ስዋሂሊ ሙስሊሞች ናቸው። እኛ ይህን ስናነብ ፈገግ ብለናል።

ጠመንጃዎቹን ለመያዝ በመጀመሪያ የተመደቡለት ሁለት ሰዎች መሐመድና በካሪ ይባላሉ። ድንኳኑን ከሚያሰናዱት አንዱ ዓሊ ነው። ከከርሚት ጠመንጃ ያዦች አንዱ ደግሞ ጁማ ዮሃሪ። በስዋሂሊ ሩዝቬልትን ብዋና ማኩባ፣ ትልቁ ጌታ፣ ይሉት ነበር። እነዚህ ሰዎች ከሱ በፊት ብዙ ነጮችን ተከትለው ያደኑ፣ ዱካ የሚያነቡ፣ ሥራው ሙያቸው የሆነ ናቸው። በአዳኝ ጥይት የወደቀ እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ቢስሚላህ ብሎ ማረድ በዚያ ዘመን የአደን ጉዞዎች ላይ የሙስሊም ሠራተኞች ልማድ ነበር። ሥጋው ሐላል ሆኖ ሰፈሩ እንዲበላ በሮጡ ቁጥር ገና ያልሞተ አውሬ ፊት መድረስ አለባቸው። ለሙዚየም ቆዳ የሚገፈው ሊቅ ደግሞ አንገቱ ላይ ስለት እንዲያርፍበት አይፈልግም። ስለዚህ በአንድ ሬሳ ላይ ሁለት ዓይነት ፍላጎት ይገናኝ ነበር።

ትልቁ ሆላንድ የመጀመሪያ ሥራውን የሠራው በአውራሪስ ላይ ነው። ሩዝቬልት አንዱን አፈሙዝ ተኮሰ፤ አውራሪሱ ተነስቶ መጣ፤ ሁለተኛውን ተኮሰ፤ አውሬው ከቆሙበት 13 እርምጃ ላይ ወደቀ። 13 እርምጃ ማለት ከመማሪያ ክፍላችን በር እስከ ኋላ ወንበር እንኳ አይሞላም።

ከዚህ የባሰው የኬንያ ተራራ ሥር ባለው ደን ውስጥ ገጠመው። ካኒንግሃም ከተባለው መሪ አዳኝና ከአካባቢው ዱካ አንባቢዎች ጋር የዝሆን መንጋ ተከትለው ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ገቡ። ሩዝቬልት አንድ ትልቅ ወንድ ዝሆን ላይ ሁለቱንም አፈሙዝ አራገፈ። ዝሆኑ ወደቀ። በዚያች ቅጽበት ግን ከጎኑ ቅጠሉ ተገነጠለና ሌላ ወንድ ዝሆን ወጣ፤ ከቅርበቱ የተነሳ በኩምቢው ሊመታው ይችል ነበር። ጠመንጃው ባዶ ነው። ሩዝቬልት ከዛፍ ጀርባ ዘሎ ተጠግቶ ቀለሆቹን እያስወጣ ሁለት ጥይት ሲያጎርስ፣ ካኒንግሃም ተኩሶ ዝሆኑን መለሰው። ያ ዝሆን ሁለት እርምጃ ወዲህ ቢል ኖሮ የአሜሪካ ታሪክ መጽሐፍ የ1912ን ምርጫ በሌላ መልክ ይጽፈው ነበር። ማታ ሩዝቬልት የዝሆኑን ልብ በእንጨት ሰክቶ በእሳት ጠብሶ በላ።

በአሥራ አንድ ወር ውስጥ አባት 296፣ ልጅ 216፣ በድምሩ 512 እንስሳት ገደሉ። ከነዚህ ውስጥ 17 አንበሶችና 11 ዝሆኖች አሉ። ሊቃውንቱ በወጥመድና በመረብ የሰበሰቡትን ወፍ፣ አይጥ፣ አሣና እባብ ጨምሮ ወደ ዋሽንግተን የተላከው 11,400 ገደማ ነው፤ ቆጥሮና መዝግቦ ለመጨረስ ዓመታት ፈጅቷል። ሩዝቬልት ለትችቱ መልስ ነበረው። ለራሳችን ያስቀረነው አንድ ደርዘን ያህል ብቻ ነው፣ የቀረው ለሳይንስና ለተሸካሚዎች ቀለብ ነው ይል ነበር። መልሱ ባዶ አይደለም። ስብስቡ እስከ ዛሬ ተመራማሪዎች ይሠሩበታል፤ 200 ሰው በዱር ውስጥ መብላት አለበት።

ስለ ነጩ አውራሪስ ግን ይህ መልስ አላረካንም። በ1910 መጀመሪያ ሩዝቬልት ነጩን ዓባይ ተሻግሮ ላዶ ወደሚባለው፣ ያኔ በቤልጅጎች ወደተያዘው ምድር የገባው ይህን እንስሳ ፈልጎ ነው። ብርቅ መሆኑን ያውቅ ነበር። አባትና ልጅ ዘጠኝ ገደሉ። ሰሜናዊው ነጭ አውራሪስ የሚባለው ይህ ዝርያ በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት ቀንድ ፈላጊ ሕገ ወጥ አዳኞች ፈጁት፤ ጥፋቱን ሁሉ በሩዝቬልት ላይ መጫን ሐቅ አይሆንም። የመጨረሻው ወንድ፣ ሱዳን ይባል የነበረው፣ በ2018 ኬንያ ውስጥ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ናጂንና ፋቱ የተባሉ እናትና ልጅ ሴቶች ብቻ በጠባቂዎች ተከብበው ቀርተዋል። የዝርያዎች ጠባቂ ተብሎ ጠመንጃ ለተሸለመ ሰው ዘጠኝ ቁጥሩ ብዙ ነው።

ከላዶ በኋላ ጎንዶኮሮ ላይ ተሸካሚዎቹ ተሰናበቱ። ሩዝቬልት በመርከብ ዓባይን ቁልቁል ይዞ መጋቢት 14 ቀን ካርቱም ደረሰ። አሁን ወደ ዊንጌት እንመለስ። ዊንጌት በሚገዛት ሱዳን፣ እንደ ሕንድ ሁሉ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ከጥቂት ዓመታት በፊት 11 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ገደማ አፈሙዝ ያላቸውን ጠመንጃዎችና ጥይታቸውን እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር። የሩዝቬልት ሆላንድ ልክ የዚህ መጠን ነው። የክልከላው ምክንያት ቀላል ነው። በሕዝቡ እጅ የቀሩ ብዙ አሮጌ ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃዎች አፈሙዛቸው ተመሳሳይ ስለሆነ፣ የአዳኞች ጥይት በዓማፅያን እጅ እንዳይገባ ተፈርቶ ነው። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች በዚህ ምክንያት ትንሽ ከፍ ያለ መጠን ያላቸው አዳዲስ ጥይቶች ለመፍጠር ተገደዱ። ለአገሬው የተከለከለው መጠን፣ ጠቅላይ ገዥው ራሱ ካዋጣበት ስጦታ ጋር ለእንግዳ ተፈቅዷል።

ሩዝቬልት ከካርቱም ወጣ ብሎ የኡምዱርማንን የጦር ሜዳ ጎበኘ። እዚያ በ1898 በአንድ ቀን ከ10,000 በላይ ሱዳናውያን በመትረየስና በመድፍ አልቀዋል። ከዚያ ወደ ካይሮ ወረደ።

ካይሮ ያኔ ትኩስ ነበረች። ከአንድ ወር በፊት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቡትሮስ ጋሊ ፓሻ ኢብራሂም አልዋርዳኒ በተባለ ወጣት መድኃኒት ቀማሚ ተገድለዋል። ቂሙ ከብዙ ነገር የተነሳ ቢሆንም አንዱ ምንጩ አደን ነው። በ1906 የእንግሊዝ መኮንኖች ዲንሸዋይ በምትባል መንደር ለመዝናናት የገበሬዎችን ርግቦች ይተኩሱ ነበር። የመንደሩ ኢማም ሚስት በጥይት ቆሰለች፣ ግርግር ተነሳ፣ አንድ መኮንን እየሸሸ ሳለ በፀሐይ ተመትቶ ሞተ። ልዩ ፍርድ ቤት አራት ገበሬዎችን በመንደራቸው ፊት ሰቀለ፣ ሌሎችን አስገረፈ። ከፍርድ ቤቱ ወንበር ላይ ቡትሮስ ጋሊ ነበሩ።

መጋቢት 28 ቀን 1910 ሩዝቬልት ገና ሁለት ዓመት ባልሞላው የግብፅ ዩኒቨርሲቲ ንግግር አደረገ። ግድያውን አወገዘ፤ በዚህ የሚጣላው አልነበረም፣ እኛም ነፍስ ማጥፋትን አናወድስም። ግን አልፎ ሄደ። አንድ ሕዝብ ራሱን ለማስተዳደር ብቁ የሚሆነው በወረቀት ሕገ መንግሥት ሳይሆን በትውልዶች ሂደት ነው አለ። ስለ ትዕግሥት የሚነገረውን የዐረብኛ አባባልም በዐረብኛ ጠቅሶ ምክሩን አጣፈጠ። ስለ ሶብር እንግዳ ቆሞ ሲመክራቸው የሰሙት ወጣቶች ምን እንደተሰማቸው ለመገመት አይከብደንም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰልፈኞች እሱ ወዳረፈበት ሼፐርድ ሆቴል ሄደው ሕገ መንግሥትና ነፃነት እንዲሰጣቸው ጮኹ፤ የካይሮ ጋዜጦችም መልስ ጻፉበት። ሩዝቬልት አልተመለሰም። ግንቦት መጨረሻ ለንደን ላይ ወይ ግብፅን በደንብ ግዙ ወይ ውጡ ሲል ለእንግሊዞች ነገራቸው።

የቀረውን በአጭሩ። በ1912 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ሚልዋኪ ላይ ደረቱን በጥይት ተመታ፤ ጥይቱን ኪሱ ውስጥ ያለው የመነጽር ማኅደርና የታጠፈ ንግግሩ አዳከሙት፣ ደሙ እየፈሰሰ ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገረ። ምርጫውን ግን ተሸነፈ። ብራዚል ውስጥ ያልታወቀ ወንዝ ሲያስስ ለሞት ተቃረበ። የመጨረሻ ልጁ ኩዌንቲን በ1918 ፈረንሳይ ሰማይ ላይ ተመትቶ ሞተበት። እሱም ጥር 6 ቀን 1919 ተኝቶ ሳለ አረፈ፤ ዕድሜው 60 ነበር።

ጠመንጃው ዛሬ ኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ ባለው የፍሬዚየር ሙዚየም ይገኛል። ሩዝቬልት ስለ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጠመንጃውን ያዋጡለትን እንግሊዛውያን በሙሉ ከነማዕረጋቸው ዘርዝሯቸዋል። ጌታው፣ መስፍኑ፣ ጄኔራሉ፣ ዶክተሩ ሁሉም አሉ። በዚያው መጽሐፍ ጠመንጃውን ተሸክመው ከጀርባው የቆሙት ሰዎችም ተጠቅሰዋል፤ መሐመድ፣ በካሪ። የአባት ስም የላቸውም።